የቆሮሶን ጾታ በዲኤንኤ ለመለየት፦ ፕራይመር ከማዘዝህ በፊት

ወንድሜ፣ ከቆቃ ሐይቅ ካመጣሃቸው ቆሮሶዎች (ቲላፒያ) ያስፈለፈልካቸውን ጫጩቶች በዲኤንኤ ወንድና ሴት ለመለየት፣ ከአንድ ጥናት ያገኘኸውን ፕራይመር (የሚፈለገውን የዲኤንኤ ቦታ የሚይዝ አጭር ቁራጭ) ማዘዝ ይበቃ እንደሆነ ነው የጠየቅከው። የዚሁ ዓሣ ናሙና እጄ ላይ ስለሚገባ ልንገርህ፦ ገና አትዘዝ።

ቆሮሶም እንደ እኛ ኤክስና ዋይ አለው። የወንዱ ዋይ ላይ ኤኤምኤች የሚባለው ጂን ተደግሞ ይገኛል፤ አንዱ ቅጂ ኤኤምኤች ዋይ፣ ሌላው ኤኤምኤች ዴልታ ዋይ ይባላል። ብዙ የታተሙ ፕራይመሮች የሚያነጣጥሩት ዴልታው ላይ ነው። አንድ ቦታ 5 የዲኤንኤ ፊደል ገብቶበታል፣ ሌላ ቦታ ከ230 በላይ ጎድሎታል። ችግሩ ምልክቶቹ የተገኙት በእርባታ ዝርያዎች ላይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት የቆቃን ወንዶች ሲመረምር ቅጂዎቹን አገኘ፤ እነዚህን ሁለት ምልክቶች ግን አጣ። በጉድለቱ ላይ የተሠራ ፕራይመር ብትጠቀም ጄልህ (የዲኤንኤው መስመሮች የሚታዩበት) ኩሬውን በሙሉ ሴት ሊያደርግልህ ይችላል! ያው ጥናት በቆቃም በጋናም ወንዶች ላይ ወደ 5 ሺህ ፊደል የሚጠጉ ሁለት የጋራ ጉድለቶች አግኝቷል። እኔ ብሆን ከዚያ እጀምር ነበር።

የመረጥከውን ፕራይመር መጀመሪያ ጾታቸውን በምታውቃቸው ትልልቅ ዓሦች ሞክረው። ሆዳቸውን ገልብጠህ እይ፤ ሴቷ ሦስት ቀዳዳ አላት፣ ወንዱ ሁለት። ከተጠራጠርክ ቅደደው፤ እንቁላሉ ቢጫ ነው፣ የወንዱ ዘር ከረጢት ነጣ ያለ ቀጭን ክር ነው። ከክንፉ ጫፍ ትንሽ ቆርጠህ አልኮል ውስጥ ጨምር። መቀሱን በየዓሣው ጥረግ። የወንድ ልጋግ ሴቷ ናሙና ላይ ከቀረ ሴቷ በጄል ወንድ ሆና ትወጣለች፣ ከዚያ ማን ምን እንደሆነ ፍለጋ ነው። ፒሲአሩ (ዲኤንኤውን የሚያባዛው ሥራ) ላይ ደግሞ ወንድም ሴትም የሚያሳዩት ሌላ መስመር አብረህ አስገባ። ያለዚያ የከሸፈው ሁሉ ሴት ተብሎ ይመዘገባል።

አንድ ሌላ ነገር፦ ጫጩቶቹ ገና በመጀመሪያ ሳምንታት 36 ዲግሪ አካባቢ ውኃ ውስጥ ከቆዩ ኤክስ ኤክስ የሆኑትም (በጂናቸው ሴቶቹ) ወንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ሜቲልቴስቶስቴሮን የሚባለውን ወንድ የሚያደርግ ሆርሞን የበሉም እንዲሁ። ማርከሩ፣ ማለትም የዲኤንኤ ምልክቱ፣ ጂኑን እንጂ አካሉን አያይም። ስለዚህ ሆርሞን መሥራቱን ማረጋገጥ ከፈለግክ መቅደድ ይሻላል። የምትፈልገው ወንድ ብቻ ያለበት ኩሬ ከሆነም፣ ጫጩቶቹ ትንሽ እስኪያድጉ ጠብቀህ በእጅ መልቀም ከላብራቶሪ ወጪ ይረክሳል። ማርከሩ ዋጋውን የሚያወጣው ወላጅ ስትመርጥ ነው፤ በተለይ በሆርሞን ወንድ የሆነውን ኤክስ ኤክስ ከእውነተኛው ኤክስ ዋይ ለመለየት።