ቢሾፍቱ እንግባ ወይስ አዲስ አበባ እንቆይ ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ ገርጂ ተከራይታችሁ ነው፣ ባልሽ ቃሊቲ ይሠራል አንቺ ሜክሲኮ፣ ሁለት ልጆች አሏችሁ፣ ኪራዩ ስላስመረራችሁ ቢሾፍቱ እንግባ ወይ ነው ያልሽው። እኔ ከነቤተሰቤ ደብረዘይት (ያው ቢሾፍቱ) ከገባሁ አመታት አልፈዋል፣ ሥራዬ ግን አሁንም ሳሪስ ነው፣ ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ መጥቶ ሐይቅ ዳር ፎቶ ተነስቶ እንደተመለሰ ሰው አላወራሽም።

መጀመሪያ ኪራዩን ለጊዜው ተይው። ይቀንሳል አዎ፣ በዛው ብር ሰፋ ያለ ግቢ ታገኛለሽ፣ ግን እሱን ብቻ አይተሽ ከወሰንሽ ትርፉን ታክሲ ይበላዋል። ዋናው ማን ነው በየቀኑ የሚመላለሰው፣ አዲስ አበባ ከገባ በኋላስ የት ነው የሚሄደው የሚለው ነው። 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ፈጣን መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ለመድረስ ምንም አይደለም፣ ጣጣው የሚጀምረው ከዛ ወዲያ ነው። ባልሽ ቃሊቲ ስለሆነ እሱ እንደውም ከገርጂ ከሚነሳው ብዙም ላይብስበት ይችላል። አንቺ ግን ቃሊቲ ወርደሽ ሌላ ሰልፍ ሌላ ታክሲ ይዘሽ ሜክሲኮ ልትደርሺ ነው፣ እመኚኝ ከቢሾፍቱ ቃሊቲ ከመጣሽበት ይልቅ ከቃሊቲ ሜክሲኮ የሚፈጀው የሚያናድድሽ ቀን ብዙ ነው። ደግሞ ሁሉም አባዱላ በፈጣን መንገዱ አይገባም፣ በአሮጌው መንገድ በገላን በዱከም እየጫነ እያወረደ የሚሄደው ከደረሰሽ ከጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ጋር ተሰልፈሽ ነው የምትሄጂው። ማታ ከመሸ በኋላ ደግሞ ወረፋውም ዋጋውም እንደ ረዳቱ ፊት ነው፣ እሁድ ማታ የሽርሽሩ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲመለስማ አታንሺው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ቢሾፍቱ አልኖርም፣ አድራለሁ። ጨለማ ወጥቼ ጨለማ ነው የምገባው። የምትኖረው ባለቤቴ ናት፣ ሥራዋን እዚሁ አደረገች፣ እድር ገባች፣ ገበያውን አወቀች፣ ልጆቹም በር ላይ ይጫወታሉ፣ አዲስ አበባ እንመለስ ብላት ቀድማ የምትቆጣው እሷ ናት። ስለዚህ አንቺ ሥራሽን ወደዚህ ማዞር የምትችዪ ከሆነ ወይ ቢሮሽ ከቤት መሥራት ከፈቀደልሽ ነይ ነው የምልሽ። ሁለታችሁም ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ልትገቡ ከሆነ ግን ልጆቹን ከሠራተኛ ጋር ትታችሁ 45 ኪሎ ሜትር ርቃችሁ መዋል ነው፣ ቢታመሙ እንኳን በቶሎ አትደርሱም። እንደዛ ከሆነ ቱሉ ዲምቱ ወይ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ብታዩ ይሻላችኋል።

ትምህርት ቤት ሌላው ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው። ኦሮሚያ ነው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት በአብዛኛው በኦሮምኛ ነው የሚያስተምረው፣ የግሎቹም ኦሮምኛ እንደ ትምህርት ይሰጣሉ፣ ትንንሽ ልጆች ቶሎ ይለምዱታል፣ የኔ ትንሿ አሁን ከኔ በላይ ትናገራለች። 6ኛ ወይ 8ኛ ክፍል ክልላዊ ሊፈተን የደረሰ ልጅ ካለሽ ግን በዛ አመት አታንቀሳቅሽው። አየሩ ከአዲስ አበባ ሞቅ ይላል፣ ደስ ይላል፣ ክረምት ሲወጣ ግን ወባ አለ፣ አጎበር ያስፈልጋል። ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ደግሞ በሆራ አርሰዲ እሬቻ መንገድ ስለሚዘጋ በዛ ቀን ጉዞ አታስቢ።

ቦታ መግዛትን ደግሞ ጨርሶ አሁን አታንሱት። አዲሱ ኤርፖርት እዚህ ሊሠራ ነው ከተባለ ወዲህ ከተማው ደላላ በደላላ ሆኗል፣ የገበሬ ቦታ በርካሽ አለ ይሉሻል፣ ካርታ ስትጠይቂ በሂደት ላይ ነው ይሉሻል። በ2011 ለገጣፎ ላይ ስንት የተለፋበት ቤት በዶዘር እንደፈረሰ ሁላችንም አይተናል። ካርታ የሌለው ቦታ ላይ አንድ ብሎኬት አታስቀምጡ፣ አሁን ተከራዩ በቃ።

የገርጂውንም ቤት ለመልቀቅ አትቸኩሉ። በ2016ቱ የኪራይ አዋጅ አዲስ አበባ ላይ ውል ቢያንስ ለሁለት አመት ነው፣ ጭማሪውም ባከራዩ ስሜት አይደለም፣ ውላችሁ ከተመዘገበ መጀመሪያ እሱን አውጥታችሁ አንብቡት፣ ምናልባት ያስመረራችሁ ጭማሪ ራሱ የማይፈቀድ ሊሆን ይችላል።

ቤት ልታዪ ስትመጪ ደግሞ በሥራ ቀን ነይ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ከደብረዘይት ወደ ሜክሲኮ የምትሄጂ መስለሽ አንድ ሁለት ቀን ሞክሪው። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጎረቤት ጠይቂ፣ አከራይ ሁሌም ይመጣል ነው የሚልሽ። ትልቁ ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ነው? እሱን ብትጽፊልኝ ስለ ትምህርት ቤቶቹ የማውቀውን በውስጥ እነግርሻለሁ።