የጠበቀው ዓባይና የላላው አባይ

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጠይቅዎት ከቡሬ ነው። ለግሽ ዓባይ ጠበል ስሰናዳ ጎረቤቴ «አባይ ማለት እኮ ውሸታም ነው፤ ከውሸታም ምን ፈውስ ይገኛል?» ብላ ሳቀችብኝ። ቀልድ መሆኑን ባውቅም ከልቤ አልወጣ አለ። የወንዙ ስም ከውሸት የመጣ ነው? ደግሞም ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ገዢ ሲከራከረኝ «ያመጣሁበት ነው፣ ምንም አላተረፍኩም» እላለሁ። ገበያው ሁሉ የሚለው ነው። ይህስ አባይ ያሰኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ልጄ። ጎረቤትሽ እንደ ቅኔ መምህርቷ እንደ እማሆይ ገላነሽ ቅኔ ቤት ብትገባ ኖሮ ሳይሆንላት አይቀርም ነበር። ነገሩ ግን ሁለት ቃል ነው።

ውሸታሙ አባይ «አበለ» ከሚለው ግስ ይወጣል፤ ዋሸ፣ ቀጠፈ ማለት ነው። ገደለ ብሎ ገዳይ፣ ከፈለ ብሎ ከፋይ እንደሚል ሁሉ አበለ ብሎ አባይ ይላል፤ «ለ» ወደ «የ» ዞረ። ውሸቱ ራሱ እብለት ይባላል። በግእዝ የምንሰማው ሐሰወ፣ ሐሳዊ የሚለውም ፍቺው ይኸው ነው፤ ሐሳዊ መሲሕ ሲባል ሰምተሻል። የወንዙን ስም ግን አባቶች ዐብየ፣ ትልቅ ሆነ ከሚለው ግእዝ ያወጡታል። ዐቢይ ጾም የምንለው ከዚያው ነው፤ ለሴት ሲሆን ዐባይ ይላል።

ሲነበቡም ይለያያሉ። ወንዙን ስትጠሪ «ባ» ይጠብቃል። ውሸታሙ ላይ ይላላል፤ «አባይ ጠንቋይ» በይና አፍሽን ስሚው። ፊደላችን ማጥበቂያና ማላያ ስለማይጽፍ ገናን ከገና ለመለየት የምንቸገረውም ለዚህ ነው። የቅኔ ሰው በዚህች ክፍተት ይገባል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት አላልተሽ ብታነቢው ውሸታሙ ራሱ ቁጭ ይላል።

ደግሞ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ታሪክ ምን ይላል? 7 መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጡት፤ ውኃ ሳይነካቸው መለሰላቸው። አደራ የመለሰን ወንዝ አባይ ማለት ግፍ ነው!

ወደ ቅቤው ልምጣ። አዎ፣ እብለት ነው። «ገበያ ላይ ማንም አያምነውም፣ ስለዚህ ውሸት አይባልም» የሚሉ አሉ፤ የማይታመን ከሆነ ለምን ይባላል? ገዢዋ ዋጋውን እንድትጨምር ነው የተባለው። ጌታችን በማቴዎስ 5፥37 ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ያለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ለሚነገረው አይደለም። ያመጣሽበትን የመናገር ግዴታ የለብሽም፤ ማትረፍም ኃጢአት አይደለም፣ መንገዱን የደከምሽው አንቺ ነሽ። «የምሸጠው በዚህ ነው» በይ፣ በቃ። «ከዚህ አልወርድም» ብለሽ ግን ገዢዋ ጀርባዋን ስትሰጥሽ እንዳትወርጂ፤ እሱም ያው ነው።

ግሽ ዓባይ ወዳለበት ወደ ሰከላ ከመውጣትሽ በፊት ይህንን ለነፍስ አባትሽ ንገሪ። ጠበሉን በባዶ ሆድ ጠጪ። ጎረቤትሽንም ይዘሻት ሂጂ።