የጡብ ስፌት ጉትቻሽ ለምን አልጠብ አለ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ሦስቴ አነበብኩት። በጡብ ስፌት፣ ዶቃን እንደ ግንብ ጡብ ረድፍ በረድፍ እየደረደሩ በሚሰፉበት ስፌት፣ በ9 ዶቃ ጀምረሽ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ሦስት ማዕዘን፣ ከሥሩም ዘርፍ ያለው ጉትቻ ልትሠሪ ነው ያሰብሽው። ረድፉን በአንድ ዶቃ ስትጀምሪ ይጠብብልሻል፣ ግን ዳሩ ላይ ክር ይታያል። "በሁለት ዶቃ ጀምሪ" ብለው ሲመክሩሽ ክሩ ጠፋ፣ 9ኙ ግን 9 እንደሆነ ቀረ። በዚያ ላይ ሥራው ይጠቀለላል፣ ዘርፉም እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኔ ይህን ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ የአንቺ ችግር ያልደረሰብኝ የለም። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ።

የመከሩሽ ሰዎች አልተሳሳቱም፣ ግማሹን ነው የነገሩሽ። በሁለት ዶቃ መጀመር ትክክል ነው። የቀረው ነገር መርፌው የት ይገባል የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ፣ መሰላሉን፣ ጨርሰሽ ከላይ በኩል ብታዪው በየሁለቱ ዶቃ መካከል የሚሻገር አጭር ክር አለ። እኔ ድልድይ እለዋለሁ። 9 ዶቃ ካለ ድልድዩ 8 ነው። አሁን ሁለት ዶቃ አንስተሽ መርፌውን በመጀመሪያው ድልድይ ሥር ካሳለፍሽ አንደኛዋ ዶቃ ከዳር ወጥታ ትቀመጣለች፤ በቀሩት 7 ድልድዮች ላይ አንድ አንድ ስትጨምሪ ድምሩ ተመልሶ 9 ይሆናል። የአንቺ ሥራ ያልጠበበው ለዚህ ነው። መርፌውን በሁለተኛው ድልድይ ሥር አሳልፊው። ያኔ የመጀመሪያዋ ዶቃ በአንደኛው ድልድይ ላይ፣ ሁለተኛዋ በሁለተኛው ላይ ትሆናለች፤ የቀሩት 6 ድልድዮች አንድ አንድ ይይዛሉ፤ ረድፉ 8 ይሆናል። ቀጥሎ 7፣ 6፣ 5 እያለ 2 ላይ ይደርሳል።

መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት በድልድዩ ሥር አሳልፈሽ በሁለተኛዋ ዶቃ ወደ ላይ ካወጣሽ በኋላ ሥራው አላለቀም። የመጀመሪያዋ ዶቃ ገና ትወላገዳለች። በእሷ ውስጥ ወደ ታች፣ እንደገና በሁለተኛዋ ወደ ላይ አንድ ዙር አሳልፊው። ይህችን ዙር ለማሠር ነው የምናደርጋት። ብዙ ጀማሪ "ምን ያደርጋል" ብሎ ይዘላታል፣ ዳሩ የሚዛባውም ከዚያ ነው። እኔ በየረድፉ መጀመሪያ እነዚህ ሁለት ዶቃዎች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ካልቆሙ አላልፍም። ከዚያ ወዲያ ያለው አንድ ዶቃ፣ አንድ ድልድይ ነው፤ እጅሽ ራሱ ይለምደዋል።

መጠቀለሉ ከሁለት ነገር ይመጣል፤ ክሩን ከልክ በላይ ከመሳብና ዶቃው እኩል ካለመሆኑ። የመጀመሪያውን በልምድ ታስተካክዪዋለሽ፤ ዶቃው ጎን ለጎን እስኪነካካ ሳቢ፣ ከዚያ በላይ አትሳቢ። ሁለተኛው ግን ከመጀመርሽ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። መርካቶ የምንገዛው ዶቃ ብዙ ጊዜ የመጠን ቁጥር አልተጻፈበትም፣ በአንድ ከረጢት ውስጥ ቀጭኑም ወፍራሙም ተደባልቆ ይመጣል። 10 ዶቃ ቀዳዳቸውን ወደ ላይ አድርገሽ ጎን ለጎን ደርድሪና በማስመሪያ ለኪያቸው። 2 ሴንቲሜትር ወይም ትንሽ አለፍ ካለ 11 ቁጥር ነው፤ 3 ሴንቲሜትር ግድም ከሆነ 8 ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ዶቃው ያንሳል። ለጉትቻ 11 ቁጥርን አጥብቄ እመክርሻለሁ። ምክንያቱ ክብደቱ ነው፤ 11 ቁጥር በአንድ ግራም 110 ገደማ ይገባል፣ 8 ቁጥር ግን 40 እንኳ አይሞላም። በዚያው ብዛት በ8 ቁጥር የሠራሽው ጉትቻ ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል፣ ጆሮ ይጎትታል።

ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተሽ ልቀሚ፣ ልክ እንደ ምስር። በጣም ቀጭኑን፣ በጣም ወፍራሙን፣ ቀዳዳው የተዘጋውን ለይ። ሚዩኪና ቶሆ የሚባሉት የጃፓን ዶቃዎች፣ ሁለቱም ከሂሮሺማ አካባቢ የሚመጡ ናቸው፣ ይህን ድካም ይቀንሱልሻል፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለሽ አስመጪ። ከሌለ ግን የኛው ገበያ ዶቃ ተለቅሞ የሚያምር ሥራ ይወጣዋል፣ እኔ ምስክር ነኝ። የለቀምሽውን ለሁለቱም ጉትቻ ከአንድ ከረጢት ቆጥረሽ አስቀምጪ፤ ሁለተኛ ከረጢት ስትከፍቺ ቀለሙ በትንሹ ይለያል፣ ጥንድ ሲሆን ደግሞ ወዲያው ይታያል። ቀለሙ የሚለቅ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ዶቃ በአሴቶን ነክሪና አሳድሪ።

የልብስ ስፌት ክር ተዪው። የዶቃው ቀዳዳ ጠርዝ ብርጭቆ ነው፣ ቀስ በቀስ ይበጥሰዋል። ቀጭን ናይለን ይሻላል፣ ሰም ከተቀባ ደግሞ አይተበተብም። እኔ የምቀባው ጧፍ ነው፣ ከንጹሕ የማር ሰም የተሠራውን። የመጀመሪያውን ጧፍ የሰጠችኝ አያቴ ናት። እሷ ባደገችበት አገር ጨሌ ከዛር ጋር የተያያዘ ነገር ስለነበረ ዶቃ ይዤ ስቀመጥ ደስ አይላትም ነበር። አንድ ቀን ክሩ ሲተበተብብኝ አይታ ምንም ሳትል ጧፏን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እስከ ዛሬ ሰም የምቀባው እንዳየኋት ነው፤ ክሩን በጧፉና በአውራ ጣት መካከል ይዞ ሁለቴ መሳብ።

አሁን ወደ ዘርፉ። መሰላሉን ስትጀምሪ 80 ሴንቲሜትር ያህል ጅራት ክር አስቀሪ፣ ካርቶን ላይ ጠቅልዪው፤ ዘርፉን በእሱ ትሠሪያለሽ። ከታችኛው ረድፍ ዳር ዶቃ ወጥተሽ 10 ዶቃ አንሺ፣ የመጨረሻዋን ዝለዪና በቀሩት ዘጠኙ ውስጥ ተመልሰሽ ወደዚያው ዶቃ ግቢ። እኔ ብዙ ጊዜ ከዘጠኙ የታች ዶቃዎች የሚወርዱትን ዘርፎች 10፣ 12፣ 14፣ 16፣ 18 አድርጌ በዚያው ወደ 10 እመለሳለሁ። 44 ለሦስት ማዕዘኑ፣ 122 ለዘርፉ፣ ለአንዱ ጉትቻ 166 ዶቃ ማለት ነው። ዘርፉ እንደ ሽቦ የሚቆምብሽ ስትመለሺ ክሩን ጨርሰሽ ስለምትስቢው ነው። የመጨረሻዋን ዶቃ በጣትሽ ያዢ፣ ክሩን ሳቢ፣ ከዚያ ሥራውን አንሥተሽ አወዛውዢው። ካልተወዛወዘ በመርፌ ጫፍ ትንሽ አላላው።

ተጠንቀቂ፤ የታችኛው ረድፍ ዶቃ ውስጥ ክር አምስት ስድስት ጊዜ ያልፋል። መርፌው አልገባ ሲል በፒንሳ ጎትቼው በመጨረሻው ዘርፍ ላይ የታችኛው ረድፍ ዶቃ ተሰብሮብኝ ያውቃል፣ የሦስት ሰዓት ሥራ ፈረሰ። ለዘርፍ ቀጭኑን 12 ቁጥር መርፌ ተጠቀሚ፣ እምቢ ካለ አታስገድጂው።

መንጠቆውን አልጠየቅሽኝም፣ ግን ሳልነግርሽ አልቀርም። መሸጥ እንደጀመርኩ ርካሽ መንጠቆ ገዝቼ አሥር ጥንድ ሠራሁ፤ ከገዙኝ አንዷ ጆሮዋ አብጦ፣ ቆስሎ መጣች። ያሳበጣት መንጠቆው ውስጥ ያለው ኒኬል የሚባለው ብረት ነበር። ገንዘቧን መለስኩላት፣ የቀሩትንም ከየቤቱ ሰብስቤ መንጠቆ ቀየርኩ። በማግኔት መፈተን አያዋጣም፣ ማግኔት የማይስበውም ኒኬል ሊኖረው ይችላል። 316 ኤል ከሚባለው የማይዝግ ብረት ወይም 925 ከሚባለው እውነተኛ የብር ማዕድን የተሠራ መንጠቆ ግዢ፣ ዋጋውን በጉትቻው ላይ ጨምሪው፤ ለምን እንደጨመርሽ ስትነግሪያቸው ሰዎች ይረዱሻል።

የጀመርሽውን አታፍርሺው፣ ለመለማመጃ ይሁንሽ። አዲስ ጀምረሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስትደርሺ ፎቶ አንሥተሽ አሳዪኝ፤ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከላይ በኩልም አንሺው፣ ድልድዮቹ የሚታዩት ከዚያ ነው።