የገጠር ሕክምና ላይ የሚያተኩር ትምህርት ቤት፦ ምርጫውና ማመልከቻው (ጥያቄና መልስ)

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ሁሉም የሕክምና ትምህርት ቤት "ማኅበረሰብ ተኮር ነን" ይላል። እውነተኛውን በምን ልለየው?

መልስ፦ መግለጫውን ተወውና የክሊኒክ ዓመታቱን (ተማሪው ታካሚ እያየ የሚማርባቸውን ዓመታት) የጊዜ ሰሌዳ ጠይቅ፤ ከዚያ ሳምንታቱን ቁጠር። ተማሪው ከዋናው ሪፈራል ሆስፒታል ወጥቶ በትንሽ ሆስፒታል ወይም በጤና ጣቢያ ስንት ሳምንት ይቆያል? በተከታታይ ነው ወይስ እየተቆራረጠ? የአሜሪካው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1971 በጀመረው ፕሮግራም የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ዘጠኝ ወር ያህል በአንድ የገጠር ከተማ ይኖራል። በ2005 የተከፈተው የካናዳው የሰሜን ኦንታሪዮ ትምህርት ቤትም የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቹን ለስምንት ወር በየትናንሽ ከተሞቹ ይመድባል። ለሁለት ሳምንት ወጥቶ መመለስ ግን ጉብኝት ነው።

ልዩነቱን በአንዲት እናት ተመልከተው። ተማሪው በሰባት ወሯ ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ አይቷት፣ ስትወልድም አብሯት ሆኖ፣ ሕፃኑ በስድስት ሳምንቱ ለክትባት ሲመጣ ደግሞ ለማየት አራት ወር ገደማ እዚያው መቆየት አለበት። የአራት ሳምንት የማህፀንና ጽንስ አታችመንት (በአንድ የሕክምና ክፍል የሚደረግ የልምምድ ቆይታ) ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ቢያሳየው ነው። የደም ግፊት ታካሚም መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጠ የሚናገረው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀጠሮ ሳይሆን ከተላመደህ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ስፔሻሊስት በሌለበት ያን ያህል ከቆየሁ ትምህርቴ አይጎዳም? ሴት ስለሆንኩ የማደሪያውም ነገር ያሳስበኛል።

መልስ፦ በረጅም የገጠር ቆይታ የተማሩ ተማሪዎች በፈተና ውጤት በትልልቅ ሆስፒታል ከተማሩት እንደማያንሱ በተደጋጋሚ ታይቷል። የሚጎዳው አስተማሪ ሳይመደብ መላክ ነው። ለአንድ አስተማሪ ሐኪም ስንት ተማሪ እንደሚደርስ ጠይቂ፤ ከሁለት ሲበልጥ እጅሽ ታካሚ ላይ የሚያርፍበት ዕድል ይቀንሳል። ማደሪያው በር የሚቆለፍ መሆኑን፣ ሌሊት ተረኛ ስትሆኚ ማን እንደሚያደርስሽ፣ ችግር ቢደርስብሽ የምትደውዪለት ሰው በስም መመደቡን አረጋግጪ። ይህን የሚነግርሽ ሬጅስትራር አይደለም፤ ከዚያ ገና የተመለሱ ተማሪዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከተማ ተወልዶ ያደገ ነው። ይቀበሉታል?

መልስ፦ እንደ ትምህርት ቤቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣውና በ2021 ባደሰው ምክረ ሐሳብ፣ ገጠር ያደጉ ተማሪዎችን መቀበል ሐኪም ገጠር እንዲቆይ ከሚያደርጉ እርምጃዎች አንዱ ነው። ስለዚህ አንዳንዶቹ ለአስተዳደግ ቦታ ነጥብ ይሰጣሉ። በአውስትራሊያ ለምሳሌ አመልካቹ የገጠር ልጅ የሚባለው በድምሩ 10 ዓመት ወይም 5 ተከታታይ ዓመት ከዋና ዋና ከተሞች ውጭ ከኖረ ነው። ልጅዎ ይህ ከሌለው፣ ለዚህ ነጥብ ሲባል የዘመድ አድራሻ እንዳያስገቡለት እለምንዎታለሁ፤ የትምህርት ማስረጃው ያጋልጠዋል። በነፃ አገልግሎት አንድ ቦታ ላይ ዓመት ቢቆይ ግን በእውነት ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ከማመልከቻው ጋር በሚቀርበው ድርሰት ላይ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ "የገጠሩን ሕዝብ ማገልገል ሕልሜ ነው" የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል፤ አንባቢው የሚይዘው ነገር የለም። ይህን አስተያዪው፦ "ለሁለት ዓመት በየቅዳሜው በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ። የስኳር ታካሚዎች ከቀጠሮ የሚቀሩት ወንዙ ሲሞላ መሆኑን ስላየሁ፣ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት የሁለት ወር መድኃኒት ቢሰጣቸው ብዬ ለነርሷ ሐሳብ አቀረብኩ።" ቦታው፣ ጊዜው፣ የታየው ችግርና የተደረገው ነገር አሉበት። ያልሠራሽውን አትጨምሪ፤ ቃለ መጠይቁ ከዚሁ ነው የሚነሳው።

ጥያቄ፦ ቃለ መጠይቁስ ምን ይመስላል?

መልስ፦ በብዙ ቦታ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወርክ ነው የምትመልሰው። በር ላይ ጥያቄውን ለሁለት ደቂቃ ያህል ታነባለህ፣ ከዚያ ገብተህ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ትናገራለህ። ሊገጥምህ የሚችል ጥያቄ፦ "የከተማዋ ብቸኛ ሐኪም ነህ። ጎረቤትህ ገበያ ላይ አግኝታህ 'የባሌ ምርመራ ምን ሆነ?' አለችህ።" "ሕጉ አይፈቅድም" ብሎ ፊት ማዞር አይሆንም፤ ነገም እዚያው ታገኛታለህ። "አታስቢ፣ ደህና ነው" ማለት ደግሞ የታካሚን ምስጢር ማውጣት ነው። ሰላምታህን ሳትነፍጋት የማንንም ጉዳይ ከክሊኒክ ውጭ እንደማታወራ ንገራት፤ ባሏ ከፈቀደ አብረው እንዲመጡ ጋብዛት። የሚለካው የሕክምና እውቀትህ ሳይሆን የታካሚውን ምስጢርም ጉርብትናውንም ማየትህ ነው።

ጥያቄ፦ በነፃ አስተምሮ የአገልግሎት ግዴታ የሚያስፈርም ቢገኝ ልፈርም?

መልስ፦ ውሉን አንብበህ። በ1972 የተቋቋመው የጃፓኑ ጂቺ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ የስድስት ዓመቱን ክፍያ ያበድርና፣ ተመራቂው በመጣበት ክፍለ ሀገር 9 ዓመት ካገለገለ ዕዳውን ይሰርዝለታል። ግልጽ ውል ነው። የሚያጣላው ያልተጻፈው ነው፦ የአገልግሎቱ ዘመን መቆጠር የሚጀምረው መቼ ነው? ኢንተርንሺፕና የስፔሻሊቲ ዓመታት ይታሰባሉ? ምድቡን ማን ይወስናል? ዓመት ብደግም፣ ብታመም ወይም ብወልድስ? ውሉን ባፈርስ ዕዳው በአንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው፣ ወለዱስ ስንት ነው? መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠህ አትፈርም።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ማመልከት ይቻላል?

መልስ፦ በአንዳንዶቹ። የአውስትራሊያው ጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪ ይቀበላል፤ የሰሜን ኦንታሪዮው ግን ዜጋና ቋሚ ነዋሪ ብቻ። ትምህርት ቤቱ በዓለም አቀፉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ውስጥ ይኑር፤ ነገር ግን ማውጫው ውስጥ መገኘት ብቻውን እውቅና ማለት አይደለም። ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት፣ ልትሠሪበት የምታስቢው አገር ፈቃድ ሰጪ አካል ዲግሪውን እንደሚቀበል በጽሑፍ አስመልሺ። ለውጭ ተማሪ የኢንተርንሺፕ ቦታ ዋስትና መኖሩንም ጠይቂ።

ጥያቄ፦ መቼ ልጀምር?

መልስ፦ ትምህርቱ ከሚጀመርበት 18 ወር ቀድመህ። የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፍልህ ሰው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ስጠው፤ የሠራኸውንም በግማሽ ገጽ ጽፈህ አያይዝለት። ብዙ ማመልከቻ የሚጓተተው በስም አጻጻፍ ነው፦ ፓስፖርቱ፣ ትራንስክሪፕቱና የፈተና ውጤቱ ላይ ያለው የላቲን ፊደል በአንዲት ሆሄ እንኳ እንዳይለያይ። ከተለያየ ማስተካከያው ወራት ሊወስድ ስለሚችል ዛሬውኑ ሦስቱንም ጎን ለጎን ዘርግተህ አመሳክር።