በረዶ የመታው የበልግ ገብስ፦ ልገልብጠው ወይስ ልጠብቅ?

ከመንዝ አንድ ገበሬ እንዲህ ብሎ ጠይቋል፦ «ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ የወረደ በረዶ የበልግ ገብሴን አንጥፎታል፣ የጓሮ ድንቼም ቅጠሉ ተበጣጥሷል። ገብሱን ገልብጬ ሌላ ልዝራ? የወደቀውን ለበጎች ብሰጥስ?»

ወንድምዓለም እግዜር ያጽናህ። በበልግ ለሚኖር ቤት የሰኔና የሐምሌ ቀለብ እሱ ስለሆነ መደንገጥህ አይፈረድብህም፣ ግን እባክህ በሬ ለመጥመድ አትቸኩል።

መጀመሪያ ውሃውን አስወጣ። በረዶው ቀልጦ ማሳው ላይ ከተኛ፣ በተለይ መረሬ (ውሃ የሚይዝ ጥቁር ጭቃ) አፈር ከሆነ፣ ገብስ ውሃ አይችልም፣ ከበረዶው የተረፈውን እሱ ይጨርሰዋል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ቦይ ቀድደህ አጠንፍፈው።

ከዛ ወሳኙ ዕድሜው ነው። ገና አንጓ ካላወጣ የሚያድግበት እምብርቱ አፈር ውስጥ ወይ አፈር ልክ ላይ ስለሆነ ቅጠሉ ሁሉ ቢረግፍ እንኳ መልሶ ያቆጠቁጣል። ከ7 እስከ 10 ቀን ታገስና ከተለያየ ቦታ ጥቂት እግር ነቅለህ ከሥሩ በላይ ያለውን በምላጭ ለሁለት ሰንጥቀህ እየው፣ ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ህይወት አለው፣ ቡኒ ሆኖ ከላሸቀ አልቆለታል። ዘርዝሮ (ዛላ አውጥቶ) አገዳው የተሰበረ ከሆነ ግን አይነሳም፣ ለመኖ አጭደው ማሳውን ለመኸር አዘጋጅ። ዩሪያም አሁን አትበትን፣ ቅጠል የሌለው ሰብል ምኑን ይስበዋል፣ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ትደርስበታለህ።

ድንቹን የምፈራልህ ለምች ነው፣ ቅጠሉን አጥቁሮ ለሚያደርቀው በሽታ። ብርድና እርጥበት ለምች ይመቸዋል፣ የተጎዳው ድንች ላይ ደግሞ ከመጣ አይምርም። ማንኮዜብ የሚባለው የሚረጭ መድኃኒት የሚሠራው ምች ሳይገባ በፊት ስለሆነ ቅጠሉ ጠፈፍ ሲል፣ ዝናብ የማይመጣበት ሰዓት አይተህ፣ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ርጨው። አፈሩ ታጥቦ ኮረቱ (የሚበላው ድንች) ከታየ አፈር አስታቅፈው፣ ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነውን ሰውም ከብትም አይብላው።

ለበጎቹ ገብሱን ስጣቸው ግን እርጥቡን በባዶ ሆድ አይደለም፣ ይነፋቸዋል። ጠውለግ ይበል፣ ቀድመህም ጭድ አቅምሳቸው፣ እየቆየህ ጨምርላቸው። ማንኮዜብ የነካው ነገር እንዳይቀላቀል። ብርድ የመታው ግልገል ካለህ ደግሞ በጆንያ አሽተህ አድርቀውና አሙቀው፣ ራሱን ቀና ማድረግ ካቃተው ግን ወተት በአፉ እንዳታፈስ፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል፣ መጀመሪያ ይሙቅ።

አንድ ነገር፣ ማሳውን ከመንካትህ በፊት በስልክ ፎቶ አንሳውና የቀበሌህን የግብርና ባለሙያ ጠርተህ ጉዳቱን አስመዝግብ፣ ከታጨደና ከታረሰ በኋላ ማን ያምንሃል። ገብሱ መቼ እንደተዘራና ድንቹ አበባ ላይ መሆን አለመሆኑን ከፎቶው ጋር ላክልኝ።