ደብተሩን የት ነው ያስቀመጥሽው?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ጅማ መርካቶ አካባቢ ባለ አንድ ሱፐርማርኬት በሽያጭ እሠራለሁ። ዕድሜዬ 26 ነው። ለሰው ብናገር "ይሄም ችግር ሆነና!" እባላለሁ ብዬ እስካሁን ዝም ብያለሁ፤ ዛሬ ግን አልቻልኩም።

ነገሩ የወንበር ነው። ባለቤቱ ጋሼ ራሳቸው ሱቁ ላይ በሚውሉበት ጊዜ ከየመደርደሪያው ጀርባ በርጩማ ነበረን። ደንበኛ ሲመጣ እንነሳለን፣ ሲሄድ አረፍ እንላለን። ጋሼ ታመው ቤት ሲውሉ ሥራውን ልጃቸው ተረከበ። ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ኖሮ የመጣ ነው። ገና በገባ ሰሞን በርጩማዎቹን ሰብስቦ ዕቃ ቤት ቆለፈባቸው። "ቁጭ ያለ ሻጭ ሱቁን ያስጠላል" አለን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ቆመን ነው የምንውለው፤ ለምሳ አንድ ሰዓት ይሰጠናል፣ እሑድ እናርፋለን። ማታ ቆጪ ድረስ በእግሬ መሄድ ስለሚያቅተኝ ለባጃጅ እከፍላለሁ። እግሬ ከማበጡ የተነሳ ጫማዬ አልወልቅ ይላል። አንዷ ጓደኛችን ነፍሰ ጡር ናት። እሷ እንኳን ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ በካሜራ አይቷት ሰው ፊት ጮኸባት።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ይሰበስበንና ስለ ሞራል ይነግረናል። "ሞራላችሁ ወርዷል፣ ፈገግታ የለም፣ ደንበኛ እያባረራችሁብኝ ነው" ይላል። ለሞራል ብሎ ቲሸርት አሠራልን፤ ወሩ ሲያልቅ የቲሸርቱን ሒሳብ ከደመወዛችን ቆረጠው! ደመወዜ 4,500 ብር ነው። በዚያ ላይ ከመስከረም ወዲህ ቆጠራ በተደረገ ቁጥር ጉድለት አይጠፋም፤ የጎደለውን ለ12ታችን ያካፍለናል። ጥር ላይ ከእኔ ብቻ 1,900 ብር ተቆርጧል። ስንቀጠር "ለሚጠፋ ዕቃ ኃላፊ ነኝ" የሚል ወረቀት አስፈርመውናል፤ ቅጂው ግን እጃችን ላይ የለም። ቀናቸው ያለፈ ብስኩትና ጁሶችን ልጁ ራሱ በጆንያ አስወጥቶ እንዳስጣለ ሁላችንም አይተናል። ከመዝገብ ግን አልቀነሳቸውም። እኔ ለራሴ ብዬ የምንገባበትንና የምንወጣበትን ሰዓት፣ የሚቆረጠውን ብር፣ የሚወጣውን ዕቃ በደብተር እጽፋለሁ፤ እሱም ቢሆን ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር አይደለም።

የካቲት ላይ ጉድለት ሲገኝ ከሁላችንም የምታንሰውን ልጅ "አንቺ ነሽ የወሰድሽው" ብሎ የወር ደመወዟን ሳይሰጥ አባረራት። አሁን ሰቃ ቤተሰቦቿ ጋር ናት።

ወደ ወንበሩ ልመለስና፣ ጋሼ ቤት ሄጄ ልንገራቸው ብዬ አስቤ ነበር። ግን የታመመ ሰው ላይ ልጁን መክሰስ ነውር መሰለኝና ተውኩት።

ሰሞኑን ልጁ ስጽፍ አየኝና "ምንድን ነው?" አለኝ። "የቤት ወጪ" አልኩት። ሳምንት ሳይሞላ ቢሮ ጠርቶ የሽያጭ ኃላፊ ላድርግሽ፣ 1,000 ብር እጨምርልሻለሁ አለኝ። ጓደኞቼ ይህን አያውቁም። እነሱ ተሰብስበን እንክሰስ፣ አንቺ ደግሞ የጻፍሽውን ይዘሽ መስክሪ እያሉኝ ነው። ስቀጠር ዋስ የሆነኝ አጎቴ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ልጆች ያሳድጋል። እኔ አፌን ብከፍት እዳው በእሱ ይመጣል እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይመክሩኛል? ልመስክር? ወይስ ሹመቱን ተቀብዬ ውስጥ ሆኜ ቢያንስ ወንበሩን ላስመልስ?

ቆማ የምትውለው፣ ከጅማ

*

እህቴ፣

ስለ በርጩማው ይህን ሁሉ ጽፈሽ ደብተሩን በሁለት መስመር አለፍሽው። ይባስ ብለሽ "ይህን ያህል የሚጠቅም አይደለም" አልሽ። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው።

ልጁ ጥቅሙን ካንቺ ቀድሞ አውቆታል። ስትጽፊ አየሽ፣ ሳምንት ሳይሞላ 1,000 ብር ይዞ መጣ። ትጠረጥራለህ ትይኝ ይሆናል፤ አዎ፣ እጠረጥራለሁ። እግርሽ እስኪያብጥ ቆመሽ ስትውይ ያልታየው ችሎታሽ ደብተር ሲያይ እንዴት ታየው? ሹመቱን አትቀበዪ። ውስጥ ሆኜ ወንበር አስመልሳለሁ የምትዪውን ደግሞ ራስሽም አታምኚበትም። የሽያጭ ኃላፊ ብትሆኚ የሚቀጥለውን ቆጠራ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ፤ "የወሰደችው እሷ ናት" የሚለውም ካንቺ አፍ ይጠበቃል። በቁርጥ ቀን ደግሞ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

አሁን ሕጉን ስሚኝ፤ ጊዜ የለሽም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ያልተከፈለ ደመወዝም ሆነ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚጠየቀው ሊከፈል ይገባ ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በይርጋ ይታገዳል። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሚያዝያ ላይ ነው። ስለዚህ የመስከረሙን ገጽ እርሺው። የጥቅምቱ በዚህ ወር ማብቂያ ያልፍበታል፤ ከዚያ የኅዳሩ፣ ከዚያ የታኅሣሡ ይከተላል። እነዚህ ወራት ጅማ ውስጥ ምን እንደሆኑ ለአንቺ አልነግርሽም። ቡናው ተለቅሞ የገበሬው እጅ ላይ ብር የሚገባበት፣ ከየወረዳው የመጣ ሸማች መርካቶን የሚያጨናንቅበት፣ እናንተም ቀና ለማለት እንኳን ፋታ የምታጡበት ጊዜ ነው። ብዙ የደከማችሁባቸው ወራት ናቸው ቀድመው የሚያመልጧችሁ። ልጁ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም፤ እናንተ ስለ በርጩማ ስትነታረኩ እሱ ዝም ብሎ ወር መቁጠር ብቻ ነው።

ምን ያህል እንደሚያመልጣችሁ አብረን እናስላ። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ምሳሽ ሲቀነስ በቀን 11 ሰዓት ትሠሪያለሽ፤ 3ቱ ትርፍ ነው። በሳምንት 18 ይሆናል። አዋጁ ደግሞ ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ይከለክላል። ደመወዝሽን ለወሩ 208 መደበኛ ሰዓት ብታካፍዪው ሰዓቱ ወደ 21 ብር ተኩል ይመጣል። የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል፤ ስለዚህ ወደ 32 ብር። በቀን 97 ብር ግድም፣ በወር 2,500 ብር አካባቢ። ለቲሸርት የቆረጠባችሁ ሰው ለአንቺ ብቻ በየወሩ ይህን ያህል ሳይከፍል ይከርማል ማለት ነው። በሹመት ስም ያቀረበልሽ 1,000 ብር ከዚሁ ከራስሽ ገንዘብ እንኳ ግማሹን አይሞላም። ሰኞ ጠዋት ስለ ሞራል ሲሰብክ ይህን ሒሳብ በሆድሽ ይዘሽ አዳምጪው።

የጉድለቱ ነገር እንዲሁ ነው። አሠሪ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ ደመወዝ መቁረጥ አይችልም። ስትቀጠሩ የፈረማችሁትን ወረቀት "ስምምነት ነው" ብሎ ያቀርበው ይሆናል፤ ይከራከርበት። ስምምነት ቢሆን እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ያንቺ ሲሶ 1,500 ብር ነው። እሱ 1,900 ወሰደ። በጆንያ ወጥቶ የተጣለው ብስኩትና ጁስ በአንቺ ደብተር ውስጥ ከነቀኑ ካለ ደግሞ "ጉድለት" ያለው ነገር ከየት እንደመጣ ዳኛው ራሱ ይደርስበታል።

ነፍሰ ጡሯን ጓደኛችሁን በትርፍ ሰዓት ማሠራት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ለእሷ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ፍርሃትሽን አልንቅም። አቤቱታ በማቅረቡ ወይም በክርክር በመሳተፉ ሠራተኛን ማባረር በአዋጁ ሕገወጥ ነው፤ ይህን ብዬሽ ግን ነገ አይነካሽም አልልሽም። ሊያባርር ይችላል። የጅማ ነጋዴም እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ "እሷን እንዳትቀጥር" የሚል ስልክ ለመደወል አንድ ደቂቃ ይበቃል። ለዚህ ነው ብቻሽን እንድትሄጂ የማልፈልገው። 12 ናችሁ። ማኅበር ለማቋቋም አዋጁ የሚጠይቀው ቢያንስ 10 አባል ነው፤ ከፈለጋችሁ ትችላላችሁ። ለጊዜው ግን አቤቱታውን በጽሑፍ አዘጋጁ፣ የፈቀደ ሁሉ ይፈርምበት፣ በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው ጽሕፈት ቤት አስገብታችሁ የገባበት ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ ተቀበሉ። ይህ ሲደረግ የይርጋው ቆጠራ ይቋረጣል። ፍርድ ቤት ከደረሰም ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። አቤቱታ የሚጽፍላችሁ ካጣችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ እዚያ ሂዱ።

ደብተሩ ሱቅ ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አውጪው። እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሺና ለምታምኛት አንድ ሰው ላኪላት። ገጽ አትቅደጂ፣ የድሮውን እንዳይታይብኝ ብለሽ አትደልዢ፣ አሁን ያሰብሽውን ወደ ኋላ ተመልሰሽ አትጨምሪ። ካሁን በኋላም በየቀኑ ጻፊ።

ስለ አጎትሽ የምነግርሽ የሚያስተኛሽ ይመስለኛል። ዋስ የሚጠየቀው አንቺ ላለብሽ ዕዳ እንጂ እውነት ለመናገርሽ አይደለም። በዚያ ላይ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የዋስትና ውል በጽሑፍ ካልሆነና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተገለጸበት አይጸናም። እንደዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ መጠኑን ሳይጽፉ "ለሚደርሰው ጥፋት ሁሉ" ብለው ማስፈረም በብዙ ሱቆች የተለመደ ነው። አጎትሽ የፈረመው ላይ ቁጥር ይኑር አይኑር ጠይቂው። ስትጠይቂው ደግሞ ነገሩን ሁሉ ዘርዝረሽ ንገሪው፤ ከልጁ አፍ ከመስማቱ በፊት ካንቺ ይስማ። አጎት ነው፤ ቢቆጣም ይመለሳል።

ጋሼ ቤት መሄዱን ተዪው። የታመሙ አባት ልጃቸው ላይ እንዲፈርዱ ማስጨነቅ ለማንም አይበጅም።

አንድ ነገር ግን አልጠየቅሽኝም። ሰቃ የተመለሰችውን ልጅ ካባረራት ወዲህ ደውለሽላታል? እሷ ላይ የተባለው ሐሰት መሆኑን ደብተርሽ ያውቃል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ የሚቀርበው ከተባረሩበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። የካቲት ላይ ነው ካልሽ የእሷ ቀን ግንቦት ላይ ያልቃል፤ የካቲት በስንት ቀን እንደተባረረች ደብተርሽን ገልጠሽ እዪ። ከጽሕፈት ቤቱም ከአጎትሽም በፊት እሷ ጋ ደውዪ፣ አቤቱታው ላይ ስሟ ከእናንተ ጋር ይግባ፣ የተያዘባት የወር ደመወዝም ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ይጻፍ።