የአባትሽ ደብተር የት ነው ያለው?

«ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግኩ የአራተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ተማሪ ነኝ። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሳንታ ፌ ኢንስቲትዩት የሚባል የምርምር ተቋም አለ። ፊዚሲስቱ፣ የጉንዳን ተመራማሪዋ፣ ኢኮኖሚስቱ አንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ ከተማ፣ ስለ ወረርሽኝ፣ ስለ ገበያ ይከራከራሉ። ንግግራቸውን በሌሊት ጥቅል እያወረድኩ ስሰማ ዓመት አለፈኝ። አንዱን ስሰማ ባዮሎጂ ያምረኛል፣ ሌላውን ስሰማ ኮምፒውተር ሳይንስ። እዚያ ጉባኤ ላይ ለመቀመጥ ምን ልማር? ለመሆኑ ይህ የውስብስብ ሥርዓቶች ሳይንስ የሚሉት ነገር እንጀራ ይሆናል? አንድ አስተማሪዬ ‹ሁሉን የነካካ አንዱንም አይጨብጥም› አሉኝ። አባቴ እህል ነጋዴ ነው፤ ማታ ማታ የዕለቱን ዋጋ ደብተሩ ላይ ጽፎ ሲጨርስ ‹ባንክ ማስታወቂያ አውጥቷል፣ ሂጂ ተፈተኚ› ይለኛል።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ከጉንዳኑም ከወረርሽኙም ይልቅ ዓይኔ የቆመው መጨረሻ ላይ እንደዋዛ ጣል ያደረግሻት ደብተር ላይ ነው። እመለስባታለሁ።

ከጥያቄሽ ቀላሉ ይቅደም። ሳንታ ፌ ለመግባት ተብሎ የሚጠና ትምህርት የለም። ተቋሙ ዲግሪ አይሰጥም፣ ዲፓርትመንትም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሲቋቋም የታሰበው ይኸው ነበር። ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ በቅርብ ካለው የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የመጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ካዋን ኬሚስት ነበር፣ አብሮት የነበረው መሬይ ጌል-ማን ደግሞ በ1969 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመ ሰው። በየሙያቸው አንቱ ከተባሉ በኋላ ነው በዲፓርትመንቶች መካከል ያለው አጥር ያሰለቻቸው። አጥሩን የዘለሉት ከየራሳቸው ግቢ ተነሥተው ነው። አስተማሪሽ ሊሉሽ የፈለጉት ይህንን ይመስለኛል፤ ትንሽ መረር አድርገው ነው እንጂ።

ሌላው ነገር፣ አንቺ ዓመት ሙሉ የሰማሽው የተቀቀለውን ነው። ለከተማው ሕዝብ በነፃ የሚሰጥ፣ ኋላም ዩቲዩብ ላይ የሚጫን ንግግር ተጨርሶ የቀረበ ምግብ ነው። ሥራው የሚበስለው ሌላ ቦታ ነው፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚቀመጡበት አውደ ጥናት፣ በምሳው፣ ከሰዓት በኋላ በሚጠጡት ሻይ ላይ። ይህ ለወሎ ሰው አይጠፋውም። አቦሉ ሲቀዳ የሚወራው ስለ ዝናብና ስለ ጤና ነው፤ ቁም ነገሩ የሚወጣው በረካው ላይ ነው።

አንዱን ብቻ ላውራሽ። ጄፍሪ ዌስት የሚባል የሎስ አላሞስ ፊዚሲስት በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሁለት የሥነ ምህዳር ሰዎች ጋር ተገናኘ፤ ከጄምስ ብራውንና ከብራያን ኤንኲስት። እንስሳ ሲተልቅ የሚፈጀው ጉልበት በክብደቱ ልክ እንደማያድግ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፤ 10,000 እጥፍ የሚከብደው የሚፈልገው 1,000 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ለምን? ባዮሎጂስቶቹ ቁጥሩን ይዘዋል፣ ሒሳቡ ግን አልወጣላቸውም፤ ፊዚሲስቱ ሒሳቡን ያውቃል፣ ስለ ደም ሥርና ስለ ቅጠል ግን አያውቅም። በየሳምንቱ ዓርብ እየተቀመጡ እርስ በርስ ቋንቋ ተማማሩ። ጽሑፋቸው የታተመው በ1997 ነው። ከሦስቱ ኤንኲስት ያኔ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ልብ በይ፣ እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠው ዝና አልነበረም፤ ስለ ዕፅዋት የያዘው ጥያቄና እሱን የሚደግፍ መረጃ ነው።

እኔም በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ አፍሬያለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ሆቴል አዳራሽ በተካሄደ ጉባኤ ላይ «ተመራቂዎች ሥራ ለማግኘት ስንት ወር ይፈጅባቸዋል» የሚል ጥናት አቀረብኩ። ዐሥር ደቂቃ፣ ሠላሳ ምናምን ስላይድ፤ ጭብጨባ፣ ጥያቄ የለም። ሻይ ላይ አንዲት የጤና መኮንን ሳምቡሳዋን እንደያዘች ጠጋ ብላ «መፈለግ የተዉትንስ የት ጻፍካቸው?» አለችኝ። የጠየቅኩት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆሙትን ብቻ ነበር። ተስፋ ቆርጦ ቤቱ የቀረው ልጅ ቁጥሬ ውስጥ የለም። እሷ የለመደችው ጤና ጣቢያ ያልመጣውን በሽተኛ ማሰብ ስለሆነ ወዲያው ታያት። የልዩ ልዩ ሙያ ሰዎች መሰብሰብ ጥቅሙ የገባኝ ያን ቀን ነው። ግን ደግሞ ጥናት ባልይዝ ኖሮ የምትጠይቀኝም አልነበረም።

አሁን ወደ እኛው እንምጣ። በእኛ አቆጣጠር የ1965 እና 66ን የወሎ ረሃብ ከአያቶችሽ ሰምተሽ ይሆናል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሳንታ ፌ ገና ሳይመሠረት፣ ባሳተመው «ፖቨርቲ ኤንድ ፋሚንስ» በተባለ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ለእሱ ሰጥቷል። በሀገር ደረጃ ሲታይ ያን ዓመት እህል የተባለውን ያህል አልጠፋም። የደሴ ገበያ ዋጋም ረሃብ ባለበት ይንራል ተብሎ የሚጠበቀውን ያህል አልናረም፤ ጭራሽ ከወሎ ተጭኖ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው ማሳው ሲከዳው የሚበላውንም የሚሸጠውንም ባንድ ጊዜ አጣ፤ ገበያ ወጥቶ ዋጋ የሚያስወድድበት ብር አልነበረውም። አፋሩ ከብት አለቀበት፣ የተረፈችው ላም ተሸጣ የምታመጣው እህልም አነሰ፤ የአዋሽ ዳር ግጦሹ ደግሞ ለጥጥ እርሻ ሄዶበታል። ዝናብ፣ ከብት፣ ዋጋ፣ መሬት፤ በዩኒቨርሲቲ አራት ሕንፃ ውስጥ ተበታትነው የሚማሩት ነገር ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ግን አንድ ነው፤ አንዷ ፍየል ስንት ቁና ማሽላ ትገዛለች የሚለው።

ውስብስብ ሥርዓት የሚሉት ይህንን ነው። ፊሊፕ አንደርሰን፣ ኋላ ከሳንታ ፌ ሰዎች አንዱ የሆነው ፊዚሲስት፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ ነገር ሲበዛ ሌላ ነገር ይሆናል ብሎ ነበር። አንድ ነጋዴ አንድ ሳምንት እህሉን ቢይዝ ወሬም አይሆን። ከሐርቡ እስከ መርሳ ያለው ሁሉ ሌላውን እያየ ሲይዝ ግን ማንም ያላዘዘው ዋጋ ይወለዳል። አንደርሰንና ኢኮኖሚስቱ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1987 ፊዚሲስቶችንና ኢኮኖሚስቶችን ሳንታ ፌ ላይ ሲያገናኙ የተጨቃጨቁት በዚሁ ነው፤ ኢኮኖሚስቶቹ ሰው ሁሉ አስልቶ እንደሚገበይ አድርገው ሲነሡ ፊዚሲስቶቹ ማመን አቃታቸው። አባትሽ እዚያ ቢኖሩ ኖሮ የሚሉት አያጡም ነበር።

ደብተሩ እንግዲህ። ለስንት ዓመት እንደጻፉ አልነገርሽኝም። አምስት ዓመት እንኳ ቢሆን፣ በየማታው የተጻፈ የኮምቦልቻ ዋጋ ማለት ብዙ የማስተርስ ተማሪ የሚያልመው ነገር ነው። ይፋዊው መረጃ ባብዛኛው የወር አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ የሰኞና የዓርብን ልዩነት ይውጠዋል። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ከዚያ አውጪው። ባቲ ላይ ማሽላ ሲጨምር ኮምቦልቻ በስንት ቀኑ ይሰማል? ሲጨምርና ሲቀንስስ እኩል ይፈጥናል? ይህች ብቻ ትበቃለች፤ አታብዢባት።

ስትሠሪ የሚያደናቅፉሽን ከወዲሁ ልንገርሽ። አባትሽ የጻፉት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የዝናብ መረጃ ከውጭ ስታመጪ ቀኑ በፈረንጅ ይሆናል፣ ጳጉሜን ላይ ትወላገጃለሽ። ቀን መለወጫውን መጀመሪያ ጨርሺው። ኩንታልና ቁናም አንድ ገጽ ላይ ተደባልቀው ልታገኚ ትችያለሽ፤ ቁናው የማን ቁና እንደሆነ ጠይቂ። የ2014 ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ገጾች ባዶ ከሆኑ ዜሮ እንዳትሞዪባቸው፤ ያኔ ኮምቦልቻ ላይ ምን እንደነበር አንቺ ከእኔ ታውቂያለሽ። ዋጋ አልነበረም ማለትና ዋጋው አልተጻፈም ማለት አንድ አይደለም፤ ለዩኝ ብለሽ አባትሽን ጠይቂያቸው።

ስለ መሣሪያው ባጭሩ፦ ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ተይውና አር ወይም ፓይተን በሚባሉት የኮምፒውተር ቋንቋዎች ላይ እጅሽን አፍቺ። ሳንታ ፌ «ኮምፕሌክሲቲ ኤክስፕሎረር» በሚለው ገጹ ነፃ ኮርሶች አሉት፤ ሜላኒ ሚቸል የምታስተምረውን መግቢያ ውሰጂ። እዚያ የምትጠቀሚበት ኔትሎጎ የተባለ ፕሮግራም አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መብራት እንጂ ኔትወርክ አያስፈልግሽም። መቶ ነጋዴ ፈጥረሽ እርስ በርስ እንዲተያዩ አድርጊያቸውና ዋጋው ምን እንደሚሆን ተመልከቺ። ንግግር መስማቱንም አታቁሚ፣ ግን አሰማምሽን ቀይሪ፤ በሳምንት አንድ ይበቃል፣ መጨረሻ ላይ ተሰብሳቢው ሲጠይቅ ሳትሰሚው አትዝጊ። ከመስማትሽ በፊት አንቺ የምትጠይቂውን ጻፊ፣ ኋላ እነሱ ከጠየቁት ጋር አስተያዪው።

ከተመረቅሽ በኋላ በቀጥታ ሳንታ ፌን አላልምልሽም። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚያካሂዱት የበጋ ትምህርት ባብዛኛው ለድኅረ ምረቃ ተማሪና ለተመራማሪ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ታመለክቻለሽ። ቀረብ የሚለው ኤይምስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደቡብ አፍሪካ ላይ የተጀመረ የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም፣ አሁን ኪጋሊም ላይ ማዕከል አለው፣ የማስተርስ ተማሪውን በስኮላርሺፕ ያስተምራል። ጣሊያን ትሪየስት ያለው፣ አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋመው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ደግሞ ከታዳጊ አገር ለሚመጡ ተማሪዎች የአንድ ዓመት ዲፕሎማ አለው፤ ሕይወትን በሒሳብ የሚያጠና ክፍልም አለው። የሁለቱንም የማመልከቻ ቀን ካላንደርሽ ላይ ጻፊ። ማመልከቻሽ ላይ «ሁሉንም ዘርፍ እወዳለሁ» አትበይ፤ «የኮምቦልቻን የእህል ዋጋ ይዣለሁ፣ ያገኘሁት ይህ ነው» በይ።

የባንኩን ፈተና ተፈተኚ። ቀልዴን አይደለም። ደመወዝ እያገኙ ማታ ማታ መሥራት፣ ሥራ ፈት ሆኖ ሌሊቱን ንግግር ከመስማት ይሻላል። የእንጀራውን ነገር ጠይቀሽኝ የለ? «የውስብስብ ሥርዓቶች ባለሙያ» ተብሎ የወጣ ክፍት የሥራ ቦታ ደሴ ላይ አይቼ አላውቅም። ዋጋና ዝናብ አገናኝቶ የሚያነብ ሰው ግን የእርዳታ ድርጅቱም፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራውም፣ ባንኩ ራሱ ለገበሬ ሲያበድር ይፈልገዋል።

ጉባኤውንም ቢሆን እዚሁ ጀምሪው። ከግብርናው አንድ፣ ከጤናው አንድ፣ ከኮምፒውተሩ አንድ ተማሪ ጥሪና በአስራ አምስት ቀን አንዴ ቡና አፍሉ። ስላይድ ይከልከል። አንዳችሁ ያልጨረሳችሁትን ሥራ ታቀርባላችሁ፣ ሌሎቹ እስከ በረካ ይጠይቃሉ። አባትሽንም አንድ ቀን ጥሪያቸው፤ ስለ ዋጋ ከእናንተ ሁሉ ይበልጥ ያውቃሉ።

ደብተሩን ስትጠይቂያቸው ግን ለምን እንደፈለግሽው ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የዋጋ ገጽ ጀርባ ላይ የሰው ዱቤ ተጽፎ ይሆናል፣ የሰው ስም ደግሞ የአንቺ መረጃ አይደለም። ከሱቅ አታውጪው፤ ገጽ በገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ መልሰሽ ከሚዛኑ ሥር አስቀምጪው።